10 በግ ለማርባት የ30 በግ ገንዘብ፦ የወሎ ደጋ የመነሻ ወጪ

«በግ ማርባት ልጀምር ነው፣ ስንት ብር ይበቃኛል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ሥራ ይዘው ገጠር ውስጥ መሬትና ዘመድ ያላቸው ልጆች ናቸው። ሂሳባቸውን የሚጀምሩት ከበጓ ዋጋ ነው። የአንዷን ዋጋ በ10 ወይም በ20 ያባዙና «ይኸው መነሻዬ» ይላሉ። ብሩ በሙሉ ገበያ ላይ ያልቃል። የካቲት ሲመጣ መኖ የሚገዛበት ሳንቲም የለም፤ ከዚያ በጎቹ ከስተው በርካሽ ይሸጣሉ። ይህን በዙሪያዬ ብዙ ቤት ላይ አይቻለሁ፣ በጣምም ያሳዝነኛል። ስለዚህ የእኛን ወጪ እንዳለ ልንገራችሁ።

የማረባው ከአጎቴ ጋር ነው፤ ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው አገር። ደጋ ነው፣ ውርጭ አለ። ሰዉ የሚኖረው በገብስና በበግ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ብዙ ጉረኖ ባዶ ቀርቷል፤ የአጎቴም እንዲሁ። እንደገና ስንጀምር ደመወዜን ቆጥቤ ያስቀመጥኩት ብር ነበረኝ፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያካበተው እውቀት ነበረው። ከታች የምጽፈው አብዛኛው የእሱ ነው።

ዋጋውን በብር ብጽፍላችሁ ለመጪው ፋሲካ አይሠራም። ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ በየወሩም ይወጣል ይወርዳል። እኛ ቤት ሂሳብ የሚሠራው በበግ ነው። መለኪያችን ሁለት ትልልቅ ጥርስ ያወጣች፣ ማለትም ዓመት ከምናምን የሆናት ጤነኛ የአገር በግ ናት። የእሷን ዋጋ በእናንተ ገበያ ጠይቁና እኔ በምሰጣችሁ ቁጥር አባዙት።

በዚህ መለኪያ 10 እናት በጎች ይዘን እስክንደላደል ወደ 30 በግ የሚጠጋ ገንዘብ ወጥቷል። እናቶቹ 10፣ አውራው 2፣ ለማድለብ የገዛናቸው ወንዶች 4። የቀረው 14 ግን በግ አይደለም። ጉረኖ ነው፣ መኖ ነው፣ እረኛ ነው፣ መድኃኒትና መጓጓዣ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ እጅ ላይ የሚቀር መጠባበቂያ።

ትልቁን የወሰደው ጉረኖው ነው፤ 5 በግ። ለአንዲት እናት ከነግልገሏ 1 ካሬ ሜትር ተኩል ያስፈልጋታል። ለ10 እናት፣ ለአውራውና ለሚደልቡት ታስቦ 4 በ6 ሜትር የሆነ ቤት ሠራን። ድንጋዩ ከማሳው ተለቅሞ የመጣ ስለሆነ ብር አልወጣበትም፣ ግድግዳውንም ሰፈሩ በደቦ አነሳው። ለደቦ ጠላና እንጀራ ይቀርባል፤ ይህም ወጪ ነውና ጻፉት። ብሩን የበላው ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ አጠና፣ ማገር፣ ምስማር፣ የበር እንጨት።

በሩ ላይ አትቆጥቡ። እኛ አገር ጅብ አለ። የላላ በር ካገኘ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ጉረኖውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ይህ በጎቹን ይጎዳል። የሽንቱ ሽታ ታፍኖ ሲያድር ሳንባቸውን ያቃጥለዋል፣ ግልገሎቹ በሳል ያልቃሉ። በግ ጸጉሯ ደረቅ ከሆነና ነፋሱ በቀጥታ ካልመታት ብርዱን ትችለዋለች። ስለዚህ ግድግዳው ከበጎቹ ቁመት በላይ ድፍን ይሁን፣ ከጣሪያው ሥር ግን ዙሪያውን ክፍተት ይተውለት። ወለሉ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ሽንቱ ይውረድ። ማለዳ ገብታችሁ ዓይናችሁን የሚቆጠቁጣችሁ ከሆነ በጎቹ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ አድረዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ መኖ፤ 3 በግ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የእኛ አገር እናት በግ ክብደቷ 25 ኪሎ ግድም ነው። በቀን ከክብደቷ ከ3 እስከ 4 በመቶ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ወደ 1 ኪሎ ጠጋ በሉት። 10 እናት በቀን 10 ኪሎ ማለት ነው። ሳሩ የሚያልቀው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፣ እሱም 150 ቀን ነው። 15 ኩንታል ደረሰ። እየተሰማሩ ግማሹን ከመስክ ያገኛሉ ብትሉ እንኳ 7 ወይም 8 ኩንታል ገለባና ድርቆሽ ቤት ውስጥ መከመር አለበት። በልግ ከከዳ ደግሞ ግማሽም አያገኙም። እኛ ዘንድ በልግ አንዳንድ ዓመት ጨርሶ አይመጣም፣ ስለዚህ ለክፉው ዓመት አስባችሁ ከምሩ።

ገለባ የሚገዛው አውድማ ላይ ነው። ታኅሣሥና ጥር ገበሬው ወቅቶ ሲጨርስ ዋጋው ይወርዳል። መጋቢት ላይ ያው ገለባ በእጥፍ ይጠየቅበታል። አጎቴ «መኖው ሳይገባ በግ አይገባም» ይላል። እኛም ገለባውን ከምረን፣ ከላይ በላስቲክ ሸፍነን ስናበቃ ነው ገበያ የወጣነው። ድርቆሽ በእስር ስትገዙ አንዱን አንስታችሁ መዝኑት። እስሩ ከሻጭ ሻጭ በኪሎ ይለያያል፣ ዋጋው ግን አንድ ነው የሚባለው።

ገለባ ብቻውን እርጉዝ በግ አያኖርም። ከመውለዷ በፊት ላለው ወር ተኩልና ከወለደች በኋላ ላለው ወር ተኩል በቀን ሩብ ኪሎ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ቅልቅል እንሰጣለን። ለ10 እናት 2 ኩንታል ከሩብ ይሆናል። ይህን የከለከላችኋት በግ ጡቷ ባዶ ሆኖ ትወልዳለች። ግልገሉ ሌላ በሽታ ሳይነካው በረሃብ ይሞታል። የጠላ አተላ ከሰፈር ከተገኘ ወጪውን ያቀልላል፤ የኮመጠጠውን ግን አትስጡ። አሞሌ ጨው ጉረኖው ውስጥ ይንጠልጠል፣ ይላሱት።

በግቢያችን ዙሪያ ትሪ ሉሰርን የሚባል፣ ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ዛፍ ተክለናል። ችግኙ ከችግኝ ጣቢያ በትንሽ ዋጋ ይገኛል፣ ደጋውንም ይወዳል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን ይሞታል። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አልቆረጥንለትም። ዛሬ ለሚያጠቡት እናቶች በየማለዳው ቅጠሉን እናወርዳለን፣ የፋጉሎው ወጪም በዚያው ልክ ቀንሷል። አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ተክል ቀላቅሎ መዝራትም ይቻላል፤ መሬት ያለው ሰው ይሞክረው።

አሁን ወደ ገበያ። ከኩታበር ገበያ ስንገዛ አጎቴ የሚያደርገውን ቆሜ አይ ነበር። ደላላው ዋጋ እየጠራ እሱ አይመልስም። መጀመሪያ በጓን ከኋላ ሆኖ ያያታል፤ ጭራዋ በተቅማጥ ከጨቀየ ያልፋታል። ከዚያ መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ አከርካሪዋን ይዳስሳል። በበግ ላይ ጸጉር ክሳትን ይሸፍናልና ዓይን አይበቃም። ጥርሷን ይገልጣል። ሁለት ትልልቅ ያወጣች ዓመት ከምናምን ነች፣ አራት ያወጣች ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስምንቱ የሞላላት አራት ግድም። ጡቷን ይጨብጣል፤ የደደረ ነገር ካለ ያቺ በግ አታጠባም።

አንዷን ወፍራም፣ ላቷም ደህና የሆነች በግ ወድጃት «ጋሼ፣ ይቺስ?» አልኩት።

«የታችኛውን ሽፋሽፍቷን ገልብጪው» አለኝ።

ገለበጥኩት። ውስጡ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ጤነኛ በግ ላይ ያ ቦታ ቀይ ወይም ደመቅ ያለ ሮዝ ነው። ከአገጯ ሥር ደግሞ እጄን አስይዞ ያበጠውን ለስላሳ ነገር አስዳሰሰኝ። የጉበት ትል ነው። ደሟን ጨርሶታል።

«አብሽሪ ልጄ፣ በግ ሞልቷል» ብሎ ወደ ሌላዋ ሄደ። ዛሬ እኔም ሽፋሽፍት ሳልገለብጥ ዋጋ አልጠይቅም።

ስለ ዝርያ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ከደጋው የተወለደ የአገር በግ ግዙ። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የቆላ በግ በጥሩ ዋጋ ታገኙ ይሆናል፤ ለቆላ ቤት ጥሩ ነው፣ የእኛን ውርጭ ግን አይችለውም። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ከአገር በግ ጋር ተዳቅሎ ደቡብ ወሎ ውስጥ በየቦታው አለ። ግልገሉ ትልቅ ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ገበያ ላይም ይፈለጋል። ግን በላተኛ ነው። መኖ የሌለው ቤት አዋሲ ይዞ የአገር በግ ያህል እንኳ አያገኝም። የእኛ ምርጫ እናቶቹ የአገር፣ አውራው ግማሽ ደም አዋሲ ነው። ለዚያ ነው አውራው የሁለት በግ ዋጋ የያዘው። ዲቃላ አውራ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ማዕዲ ቪስና የሚባል፣ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታ ከዚህ ዝርያ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ክትባትም መድኃኒትም የለውም። የተመረመረ መሆኑን ማረጋገጫ ከሌለው ይቅርባችሁ።

አንድ አውራ ከ25 እስከ 30 እናት ይበቃል። ለ10 በግ ብቻ አውራ መግዛት ውድ ነው። ጎረቤት ካለ ተካፈሉት። እኛ ከአንድ ጎረቤት ጋር ብንካፈል ኖሮ ከ30ው አንዱ ይቀንስ ነበር፣ ግን በዙሪያችን በጊዜው በግ የያዘ ቤት አልነበረም።

አሁን ስለ ጊዜ። በግ የምታረግዘው 5 ወር ነው። ኅዳር ላይ ገዝታችሁ ወዲያው ካስጠቃችሁ ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች፤ ሳር የለም፣ ከፊቷም ክረምት አለ። አጎቴ አውራውን ለይቶ ያቆየውና ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይለቀዋል። ግልገሉ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይወለዳል። መስኩ አረንጓዴ ነው፣ እናቱ ወተት አላት። ወንዱ ለቀጣዩ እንቁጣጣሽና መስቀል ዓመት ይሞላዋል።

ልብ በሉ፤ ኅዳር ላይ ከተገዛች በግ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ሽያጭ የሚመጣው ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። እስከዚያ እረኛው ይከፈላል፣ መኖው ይገዛል። መነሻ ገንዘብ ሲባል በጓን የሚገዛው ብር ብቻ ሳይሆን ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያሻግረው ብር ጭምር ነው።

እኛን ያሻገሩን 4ቱ ወንዶች ናቸው። ዓመት የሞላቸው፣ የከሱ ግን አጥንታቸው ደህና የሆኑ ወንዶች ገዝተን ለ3 ወር አደለብናቸው። ድርቆሽ እንደ ልባቸው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም። ከመጀመራችን በፊት የትል መድኃኒት ሰጠናቸው። ይህን ያህል መኖ ያገኘ የአገር በግ በ3 ወር ከ6 እስከ 9 ኪሎ ይጨምራል። ገዢው የሚያየው ግን ኪሎውን ብቻ አይደለም፤ ላቱን ነው፣ ጀርባውን ነው፣ መልኩን ነው። ቀይና ነጭ በግ ከጥቁር የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ ለማድለብ ጥቁር አትግዙ። የ4ቱ ትርፍ የእናቶቹን ፋጉሎ ሸፈነልን፣ በተረፈው ሌላ ዙር ገዛን። መጀመሪያ የመደብነው 3 በግ መኖ ዓመቱን ሙሉ የበቃው በዚህ ነው።

ወሎ ላይ በግ ለሚያደልብ ሰው አንድ ትልቅ ጸጋ አለ። ገናና ፋሲካ አለ፣ ኢድና አረፋ አለ፣ እንቁጣጣሽና መስቀልም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ የክርስቲያኑ ቤት በግ አያርድም፣ ዋጋው ቀዝቀዝ ይላል። የምትገዙት ያኔ ነው። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ የዓመቱን ቀን አውቃችሁ 3 ወር ወደኋላ ቆጥራችሁ ግዙ። ለአረፋ ዓይኑ የጠፋ፣ የሚያነክስ፣ በጣም የከሳ በግ አይሆንም። ከእርድ በፊት ያለው ሳምንት ላይ እግሩ የተጎዳ በግ ይዞ ገበያ መውጣት ኪሳራ ነው። በመኪና ስታጓጉዙ አትጨናንቁ፣ ከሥር ገለባ አንጥፉ።

ጤና በገንዘብ ደረጃ ትንሹ ወጪ ነው። መድኃኒቱ፣ ገመዱ፣ ገንዳውና መጓጓዣው ተደምሮ 1 በግ አልሞላም። ግን እሱን ያልከፈለ ሰው ሌላውን ሁሉ ያጣል። አዲስ የተገዛ በግ ለ3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። የበግ ፈንጣጣና ደስታ መሰል በሽታ ክትባት አላቸው፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ የሚሰጠው በወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ባለሙያው ወደ ቀበሌው የሚወጣበትን ቀን ጠይቃችሁ በዚያ ቀን በጎቻችሁን አታሰማሩ። ለትል አልቤንዳዞል በየቦታው ይሸጣል። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግ ግን አይሰጥም። የጉበት ትል ባለበት ረግረግ አካባቢ ደግሞ አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ብቻ ነው፣ ትሪክላቤንዳዞል ትንንሹንም ይገድላል። የሚያዝላችሁ ባለሙያው ይሁን። ከጉሊት የተገዛ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አታጠጡ።

ደጋ ላይ አዙሪት የሚባለውን በሽታ ሁሉም ያውቀዋል። በጓ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ቦታ ትዞራለች። ምንጩ የራሳችን ውሻ ነው። ውሻ የታረደ በግ ጭንቅላት በልቶ ትሉን ይይዛል፣ እንቁላሉን ሳሩ ላይ ይጥላል፣ በጓ ትግጠዋለች። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጭንቅላቱን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፣ ለውሻችሁም የትል ክኒን ስጡ። ፕራዚኳንቴል ይባላል።

እረኛ 3 በግ ወስዷል። ገንዘብ፣ ምግብና ልብስ አንድ ላይ ነው። በትምህርት ሰዓት ልጅ እረኛ አታቁሙ። እኛ የቀጠርነው ትልቅ ሰው ነው፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የታመመች በግ ከመንጋው ስትነጠል ያያል።

የቀሩት ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው፣ አልነካናቸውም ነበር ማለት አልችልም። ከ10 ግልገል 2 ሊሞቱ እንደሚችሉ አስባችሁ ቁጠሩ። ጥሩ ዓመት ከሆነ ትደሰታላችሁ።

ስለ ጸጉሩም ይጠየቃል። የደጋ በግ ትሸለታለች። ከአንዷ የሚወጣው ግን ከኪሎ በታች ነው፣ ሸካራ ነው። የአጎቴ ሚስት ትፈትለዋለች፣ ባና ይሠራበታል። በዚህ ብርድ እንደ ባና የሚሞቅ ነገር አላውቅም፣ ሙያውም እንዲጠፋ አልፈልግም። በመነሻ ሂሳባችሁ ላይ ግን ገቢ ብላችሁ አትጻፉት። ስትሸልቱ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ መጋቢት ግድም ይሁን።

እጁ ላይ የ30 በግ ብር የሌለው ሰው አለ፤ አብዛኛው እንደዚያ ነው። የ10 በግ ብር ካላችሁ 3 እናትና 2 የሚደልብ ወንድ ግዙ። አውራ ተዋሱ። አዲስ ጉረኖ አትሥሩ፣ ያለውን ቤት በሩን አጠንክሩ፣ ከጣሪያው ሥር ክፍተት አውጡለት። የቀረውን 5 ለመኖ፣ ለመድኃኒትና ለክፉ ቀን ያዙት።

ሌላው መንገድ ርቢ ነው። ከተማ ያለው በግ ይገዛል፣ ገጠር ያለው ያረባል፣ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ዘመድ ከዘመድ የሚያጣላም ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ባለበት ጻፉት። ፋጉሎውን ማን ይገዛል? የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል የማን ናት? በግ ብትሞትስ? እኛ ለጎረቤት በርቢ በሰጠናቸው ላይ የተስማማነው የሞተችው ቆዳዋ እንዲመጣ ነው። ቆዳው ከመጣ ጥያቄ የለም።

ሴት ግልገሎችን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት አትሽጡ፤ መንጋው የሚያድገው በእነሱ ነው። የማታጠባውን እናት፣ ጡቷ የደደረውን፣ ሁለት ጊዜ ግልገሏን የገፋችውን አድልባችሁ ሽጡ። አውራውን ደግሞ ልጆቹ ለአቅመ ርቢ ሳይደርሱ ቀይሩት፣ አለዚያ ከገዛ ልጆቹ ይወልዳል፣ ግልገሉም እየደቀቀ ይሄዳል። ለዚህ ብር ማውጣት ግድ አይደለም። እኛ የኛን አውራ ራቅ ካለ ቀበሌ ካለ አርቢ አውራ ጋር ተለዋወጥን፤ ሁለቱም ጥርሳቸውና እግራቸው ታየ፣ ለ3 ሳምንት ተለይተው ቆዩ፣ ከዚያ ከመንጋው ተቀላቀሉ።